ባንኮክ ተሠርቶ ባሕር ዳር የተፈተነ ድምፅ፦ ከ14 ወራት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ይህ ጽሑፍ ትራንስጀንደር ለሆንን (ስንወለድ ወንድ ለተባልን) ሴቶች ስለሚሠራ ድምፅን የሚያቀጥን ቀዶ ሕክምና የሚቀርብ የታካሚ ግምገማ ነው። የታከምኩት ባንኮክ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ሲሆን፣ አሁን የምጽፈው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ጥቂት ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ የኪራይ ቤቴ ተቀምጬ ነው። የምወቅሰው ነገር ስላለ፣ ወቀሳውም የአንዲት ታካሚ ቃል ብቻ ስለሆነ የክሊኒኩን ስም አላነሣም። የራሴን ስም የማልጽፍበትን ምክንያት ደግሞ የአገራችን አንባቢ ሳልነግረው ያውቀዋል። ገንዘብ እያጠራቀመች ልቧ በሁለት ሐሳብ የተያዘ እህት ካለች፣ እኔ ከመሄዴ በፊት ፈልጌ ያጣሁትን ያህል ልጽፍላት እሞክራለሁ።

«ፊትሽ ደኅና፣ አለባበስሽ ደኅና፤ ድምፅ ምን ይጨምርልሻል?» ያሉኝ ወዳጆች ነበሩ። ጥያቄው ስለ አማርኛ ጠባይ ያላሰበ ሰው ጥያቄ ነው። በቋንቋችን ተናጋሪው ስለ ራሱ ሲናገር ጾታውን አይገልጥም፤ «መጣሁ»፣ «ደከመኝ»፣ «እደውላለሁ» የሚለውን ሴትም ወንድም እኩል ይለዋል። የሚያናግረኝ ሰው ግን ገና «ሰላም ነህ» ወይም «ሰላም ነሽ» ሲል መወሰን አለበት፤ ከዚያም በኋላ በእያንዳንዱ ግስ ላይ ውሳኔውን ይደግመዋል። ፊት ለፊት ስንገናኝ ዓይኑ ይረዳዋል፤ በስልክ ግን «ማን ልበል?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ ከጆሮው በቀር ዳኛ የለውም። መሸሸጊያው «እርስዎ» ብቻ ነበር፤ አንቱታ ጾታ የለውምና። ለብዙ ዓመታት ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት መደወል ሳሎን ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ከመደወል ይቀለኝ የነበረው ለዚህ ነው፤ የቢሮው ሰው ያከብረኛል፣ ነጋዴው ግን በሁለተኛው ቃሉ «ስማ ወንድሜ» ይለኛል።

እንጀራዬም የተያዘው በስልክ ነው። ሥራዬ ማስተርጎም ሲሆን፣ ውጭ አገር ያሉ ሆስፒታሎች አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ ሲመጣባቸው በአንድ ድርጅት በኩል ወደ እኔ ይደውላሉ። አንድ ጊዜ የማኅፀን ሐኪም ዘንድ የቀረበች ሴት ሰላምታዬን እንደሰማች ዝም አለች። ሐኪሙ ጥያቄውን ደገመ፤ እኔም ደግሜ አስተረጎምኩ፤ አሁንም ዝምታ። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ «ወንድሜ፣ አይክፋህና ሴት አስተርጓሚ የላችሁም?» አለችኝ። አልከፋኝም ብል እዋሻለሁ፤ ይሁን እንጂ ጆሮዋ የነገራትን ብታምን ምን ትወቀሳለች? ጥሪውን ለሌላ ባልደረባ አስተላለፍኩና የዚያኑ ዕለት ማታ ስለ ቀዶ ሕክምናው በቁም ነገር ማንበብ ጀመርኩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሆርሞን ድምፅንም ይለውጣል ብሎ ስለሚያስብ ነው። ኤስትሮጅን ድምፅን አያቀጥንም። በጉርምስና ወቅት ቴስቶስትሮን ማንቁርትን ያሳድጋል፣ የድምፅ አውታሮችንም ያስረዝማል፣ ያወፍራል፤ ይህ አንድ ጊዜ ከሆነ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። የአዋቂ ወንድ የድምፅ አውታሮች ሲናገር በሴኮንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ፤ የሴት ደግሞ ከ180 እስከ 220 ጊዜ ገደማ። መለኪያው ኸርዝ ይባላል። እኔ የተነሣሁት ከ118 ኸርዝ ነው። ለ11 ወራት ከአንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጋር በቪዲዮ ሠርቼ በጥንቃቄ ሳነብ እስከ 160 መድረስ ችዬ ነበር። ችግሩ «በጥንቃቄ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ስስቅ፣ ሳስል፣ ስደነግጥ፣ ሌሊት ስልክ ቀስቅሶኝ «አቤት» ስል የዱሮው ጎርናና ድምፅ ከታች ብቅ ይል ነበር። ቀኑን ሙሉ ራስን መጠበቅ እንዴት እንደሚያደክም የሞከረችው ታውቀዋለች።

የቀዶ ሕክምናውን አሠራር ለመረዳት ከሐኪሞቹ ሥዕል ይልቅ የረዳኝ መሰንቆ ነው። አዝማሪው ጭራውን በጣቱ ሲጫነው የሚርገበገበው ክፍል ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። እኔ የተሠራሁት ግሎቶፕላስቲ የሚባለው ዘዴ ያደረገው ይኸንኑ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩርገን ቬንድለር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ያስተዋወቁት ሲሆን፣ የሁለቱ የድምፅ አውታሮች የፊተኛ አንድ ሦስተኛ ስስ ሽፋኑ ይገፈፍና ክፍሉ እርስ በርስ በክር ይሰፋል፤ ሲድን ተጣብቆ ስለሚቀር ከዚያ ወዲያ የሚርገበገበው የኋለኛው ክፍል ብቻ ነው። ሁሉም በአፍ በኩል ስለሚሠራ አንገት ላይ ጠባሳ አይተውም። ሌላው የታወቀ መንገድ ጃፓናዊው ኖቡሂኮ ኢሺኪ በ1970ዎቹ ካወጧቸው ዘዴዎች አንዱ ነው፤ በዚህኛው አንገት ተከፍቶ ሁለቱ የማንቁርት ልም አጥንቶች በክር ይቀራረቡና አውታሩ ይወጠራል፤ የክራር ክር እንደ ማጥበቅ ማለት ነው። ክራር ግን ይላላል። በዚህ ዘዴ የተገኘው ቅጥነትም በብዙዎች ላይ ከጊዜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ድምፅን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ጡንቻ እንደ ተወጠረ ያስቀረዋል። ዜማ የሌለው ንግግር ይዤ መቅረት ስላልፈለግሁ የመጀመሪያውን መረጥኩ፤ ዛሬም ምርጫውን አልጸጸትበትም።

ክሊኒኩን ስገመግም ሐኪሙን ከሽያጭ ክፍሉ መለየት አለብኝ። ለኢሜይሌ መልስ የሰጠችው አስተባባሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሙሉ የሴት ድምፅ» እያለች ትጽፍልኝ ነበር፤ ከቅናሽ ማስታወቂያ ጋር። በቪዲዮ ለ20 ደቂቃ ያነጋገሩኝ ሐኪም ግን ቃላቸው ሌላ ነበር፦ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ጉልበቱ ግን እንደሚቀንስ፣ ለወራት ሊሻክር እንደሚችል፣ ስፌቱ ሳይዝ ቀርቶ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች እንዳሉ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ያመንኩት እሳቸውን ነው፤ የከፈልኩት ደግሞ 5,800 ዶላር። በዚህ ውስጥ ቀዶ ሕክምናው፣ ማደንዘዣው፣ አንድ የአልጋ ሌሊትና ሁለት ምርመራዎች አሉ። የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሆቴልና ከዚያ በኋላ የሚመጣው የንግግር ሕክምና የለም። ይህን የመጨረሻውን ከመክፈሌ በፊት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በጀቴን በሌላ መልክ እሠራው ነበር፤ አስተባባሪዋም «ክትትል ተካቷል» ስትል ኢሜይል ማለቷ እንደሆነ ያኔ ይገባኝ ነበር።

ስለ ቀዶ ሕክምናው ቀን ብዙ የምለው የለኝም፤ ሥራቸውን አሳምረው ሠርተዋል። አንድ ቀን ቀደም ብሎ በአፍንጫዬ ቀጭን ካሜራ አስገብተው ስትሮቦስኮፒ በሚባለው ብልጭ ድርግም በሚል ብርሃን አውታሮቼን በዝግታ ሲንቀሳቀሱ አሳዩኝ። ሁለት ነጭ ጠርዞች በእርጥብ ሮዝ ሥጋ መካከል ሲገናኙና ሲለያዩ ይታያሉ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተጣላሁት ከእነዚህ ጋር ነበር ወይ ብዬ ተገረምኩ። ከማደንዘዣው ስነቃ ያመመኝ ጉሮሮዬ ሳይሆን ምላሴ ነው። በአፍ በኩል የሚገባው የብረት መሣሪያ ምላስን ተጭኖ ስለሚቆይ ግማሽ ምላሴ ለሁለት ሳምንት ያህል ደንዝዞ፣ ምግቡ ሁሉ ሳንቲም ሳንቲም ይለኝ ነበር። ይህ በፈረምኩት ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ አላነበብኩትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያ የ14 ቀን ፍጹም ዝምታ ተከተለ። ሹክሹክታም ክልክል ነው፤ ሰዎች ሹክሹክታ ዕረፍት ይመስላቸዋል እንጂ አውታሩን እንዲያውም ያስጨንቀዋል። ማሳል፣ ጉሮሮ መጥረግ፣ ከባድ ዕቃ ማንሣትም እንዲሁ። ሁሉንም ተዘጋጅቼበት ነበር፤ ማንም ያላሰበልኝ ነገር ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንልበት ልማድ ነው። ነርሷ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ሳላስበው ትንፋሼን እስባለሁ፣ እሷም ሕመም የተሰማኝ መስሏት ትደነግጣለች። በሦስተኛው ቀን ነገሩን በጽሑፍ አስረድቼ «ይፈቀዳል ወይ?» ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኋቸው። እንደዚህ ያለ አዎንታ ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝና ጥቂት አስበው ለጊዜው ብተወው እንደሚሻል ጻፉልኝ። ከዝምታው ሁሉ የከበደኝ ያ ነበር። ዓይን እንደ ማርገብገብ ያለ ነገር እኮ ነው፤ ሰው እንዴት ይተወዋል?

በስድስተኛው ቀን በረርኩና ቀሪውን ስምንት ቀን ዝም ያልኩት ባሕር ዳር ነው። አከራዬን «ጉሮሮዬን ልታከም ነው» ብያቸው ነበር የሄድኩት፤ ውሸት አልነበረም። እትዬ ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት ያህል በየጠዋቱ «ዛሬም ጉንፋኑ አልለቀቀሽም፣ እናቴ?» ሲሉኝ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዝንጅብልና ማር፣ ሲብስም ዳማከሴ ጨምቀው ያመጡልኝ ነበር። አሁን ደብተር ይዤ ሲያዩኝ ለጎረቤቱ ሁሉ «አርምሞ ይዛለች፤ አታስለፍልፏት» ብለው አወጁ። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም። ግቢው ውስጥ የሚጫወቱት ልጆች ሳልፍ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴት ዋጋውን በጣቶቿ ታሳየኛለች፣ ቀጥላም ራሷ በሹክሹክታ ታወራኛለች፤ እኔ ስለምሰማ ጮክ ብላ መናገር እንደምትችል በደብተሬ ብጽፍላት ማንበብ አትችልም። በዝምታ ቀናት ከሰው የሚደርሰው ደግነት ድንቅ ነው፤ በክሊኒኩ የማስታወቂያ ወረቀት ላይ የማይገኝ የባሕር ዳር አገልግሎት ብዬ ልመዘግበው።

ምግቡ ግን ፈተና ነው። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ወጥቶ አዲሱን ስፌት እንዳያቃጥለው ኦሜፕራዞል ያዝዛሉ፤ ቡናና የሚያቃጥል ምግብም ይከለክላሉ። ክልከላው «ቅመም የበዛበት ምግብ» በሚል አንድ መስመር ተጽፎ ነበር፤ በጾም ወራት በርበሬ የሌለበት ወጥ ፈልጋ ለምትንከራተት ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጸሐፊው አላወቀም። በአልጫ ሽሮና በድንች ወር አሳለፍኩ። የዘጌ ቡና ግቢው ውስጥ እየተቆላ፣ ጭሱ እየመጣ፣ እጣኑ እየተከተለ እኔ ሙቅ ውኃ እጠጣለሁ። ጭሱም ቢሆን ስለተከለከለብኝ ወደ ሐይቁ ዳር እሸሽ ነበር። ከሁሉ በላይ ያልታሰበበት አየሩ ነው። ባንኮክ ወበቅ ነው፤ ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በበጋ አየሯ ደረቅ፣ አቧራዋም የማይናቅ ከተማ ናት። ማታ ማታ የፈላ ውኃ እንፋሎት በመሳብና እርጥብ ፎጣ አልጋዬ አጠገብ በመስቀል ተወጣሁት። ዳግመኛ የምሄድ ብሆን ቀጠሮዬን ክረምት ላይ አደርገው ነበር።

በ15ኛው ቀን የመጀመሪያ ቃሌን ተናገርኩ። «እትዬ» ነው ያልኩት። የወጣው አየር ነው፤ በመካከሉ ትንሽ የበር ሲጥታ። ለአንድ ወር ተኩል ድምፄ ሻካራ፣ ደካማ፣ ልክ ሌሊቱን ሲዘፍን ያደረ ሰው ድምፅ ነበር፤ ሥራ ልሠራ ይቅርና ባጃጅ ተሳፍሬ «ወራጅ» ማለት አቅቶኝ የሾፌሩን ትከሻ በጣቴ እነካለሁ። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ በጽሑፍም ተነግሮኛል። ያልተጠበቀው ከፊደላችን የመጣ ነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ የሚነገሩት የድምፅ አውታሮች ጥርቅም ብለው ተዘግተው፣ ማንቁርት ወደ ላይ ተገፍቶ፣ የታመቀው አየር ሲለቀቅ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ቀን ስንት ጊዜ «ጥቂት»፣ «ቀጠሮ»፣ «ጨርሻለሁ» እንደምትል ቁጠሩ። ገና ያልጠነከረው ስፌት ላይ በእያንዳንዱ ጠ እና ቀ የመሳብ ስሜት ይሰማኝ ነበር፤ የተሰጠኝ የመልመጃ ወረቀት ግን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተዘጋጀ ስለሆነ ስለ እነዚህ ድምፆች አንድ ቃል የለውም። ለክሊኒኩ ጻፍኩ። መልሱ የመጣው ከ9 ቀን በኋላ ነው፦ «ውኃ ይጠጡ፣ ዕረፍት ያድርጉ፣ ታገሡ።» ጥያቄዬን ማን እንዳነበበው እጠራጠራለሁ። መፍትሔውን ያገኘሁት ከቪዲዮዋ ባለሙያ ጋር ነው፤ ድምፆቹን አንድ በአንድ አሰምቻት፣ እሷም አዳምጣ፣ እስከ ሁለተኛው ወር መጨረሻ ድረስ አለስልሼ፣ ሳልጫን እንድናገራቸው ተስማማን። ለተወሰነ ጊዜ እንደ ፈረንጅ «ተጅ» እና «ከሚስ» እያልኩ ኖርኩ። እትዬ «ባንኮክ አማርኛውን አስረሳሽ» ብለው ሳቁብኝ።

ለውጡ የመጣው ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው፣ ቀስ እያለ። በየሳምንቱ እሑድ ያንኑ አንድ ገጽ ጽሑፍ እያነበብኩ እቀዳና ፕራት በሚባለው በነፃ በሚገኝ የድምፅ መመርመሪያ ፕሮግራም እለካው ነበር። በሦስተኛው ወር 171፣ በስድስተኛው 183፣ አሁን 187 ኸርዝ ላይ ቆሟል። ቁጥሩ ደስ ያሰኛል፤ ቁጥሩን ግን ማንም በስልክ አይሰማውም። ለእኔ እውነተኛው ለውጥ የተገለጠው ሳልጠብቅ ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ መንገድ ስሻገር ባጃጅ ከየት መጣ ሳይባል ጥጌን ታክኮ ሲያልፍ «ኧረ በማርያም!» ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ይቅርታ እህቴ!» አለና ሄደ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያን ቃል ስናገር አልተጠነቀቅሁም፣ አልተለማመድኩም፣ አላሰብኩትም፤ ከድንጋጤ የወጣ ነው፤ ቀጭን ሆኖም ወጣ። በልምምድ ብቻ ማግኘት ያቃተኝ ይህ ነበር፤ ሳሉም፣ ሳቁም፣ የእንቅልፍ «አቤት»ም አሁን ከዱሮው ወለል በላይ ናቸው። የከፈልኩት ገንዘብ ሁሉ ለዚህ አንድ ነገር ነው ብባል ተገቢ ዋጋ ነው እላለሁ።

ስልኩስ? ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ዓመት ለእንግዳ ጀልባ ልከራይ ደውዬ፣ ሰውየው «ወንድሜ፣ ክብራን ገብርኤልንም እናሳይሃለን» ብሎኝ ነበር። በሰባተኛው ወር ሌላ እንግዳ ስለመጣብኝ ለዚያው ቁጥር ደወልኩ። ስንት ሰው እንደሆንን፣ ስንት ሰዓት እንደምንነሣ ተነጋገርንና ሆን ብዬ «ክብራንስ?» አልኩት። «አይ እህቴ፣ ክብራን ሴት አይገባም። እንጦስ ኢየሱስ ላድርስሽ፣ ከፈለግሽ ዘጌ ተሻግረን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ታያለሽ» አለኝ። በሕይወቴ መከልከል ያስደሰተኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ዋጋውንም ሳልከራከር ተቀበልኩት፤ ባልደረቦቼ ሞኝ ነሽ አሉኝ።

የጠፋውንም መናገር አለብኝ፤ ሐኪሙ ያስጠነቀቁት እውነት ሆኗልና። ድምፄ ጉልበት የለውም። ከመንገድ ማዶ «ባጃጅ!» ብዬ ብጣራ አይሰማኝም፤ ሙዚቃ ባለበት ምግብ ቤት አስተናጋጅ መጥራት ትቼ እጄን አነሣለሁ። የዱሮውን የታች ድምፅ አጣሁ፣ እሱስ ይሂድ፤ ከላይም ጥቂት ተቆርጦብኛል። ለዚህ ምሳሌው እልልታ ነው። አጭር የሆነ አውታር ቀጭን ድምፅ ስለሚሰጥ እልልታው ይሻሻልልኛል ብዬ በሞኝነት አስቤ ነበር። ባለፈው ጥምቀት ታቦቱ ሲያልፍ በዙሪያዬ ያሉት ሴቶች ሲያቀልጡት እኔም ሞከርኩ፤ ሁለት ሦስት «እልል» ከወጣ በኋላ ተቋረጠና ፉጨት የመሰለ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። አጠገቤ የነበረች ወጣት ዘወር ብላ ፈገግ አለችልኝና የእኔን ድርሻ ጨምራ አቀለጠችልኝ። እኔ አጨበጨብኩ። መዘመር ወይም ማንጎራጎር ኑሮዋ የሆነ ሴት ይህን በደንብ ልታስብበት ይገባል፤ ለአንዲት አዝማሪ ይህን ቀዶ ሕክምና አልመክርም።

ሌላው ቀዶ ሕክምናው የማይነካው ነገር ነው። ወደ መሰንቆው ልመለስና፣ ጭራው ቢያጥርም ሳጥኑ ያው ነው። የጉሮሮና የአፍ ቦታው ስፋት ለድምፅ የሚሰጠው ቀለም በስፌት አይለወጥም፤ ቀጭን ሆኖ ግን ከትልቅ ሳጥን የሚወጣ ድምፅ ሰሚን ግራ ያጋባል። ይህ በልምምድ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ማንቁርትን በትንሹ ከፍ አድርጎ መያዝ፣ ምላስን ወደ ፊት ማምጣት፣ የመሳሰለው። እኔ አስቀድሜ 11 ወር ባልሠራ ኖሮ 187 ኸርዝ ላይ ቆሜም «ወንድሜ» መባሌ አይቀርም ነበር ብዬ አምናለሁ። የአነጋገር ስልቱ ላይ ግን ባለሙያዋን ሁልጊዜ አልሰማኋትም። የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ድምፅን ከፍ ማድረግ ለእሷ ቋንቋ ሴትነት ይሆናል፤ በአማርኛ ግን ጥያቄ ነው። ለሱቅ ነጋዴ «ሁለት ኪሎ ስጠኝ?» ብዬ እየጠየቅሁ ስንት ቀን አስቄአለሁ። ከዚያ በኋላ መምህሬን ለወጥኩ፤ እትዬ ቡና ሲያፈሉ ከጎረቤት ሴቶች ጋር የሚያወሩትን ዝም ብዬ አዳምጣለሁ፤ የት እንደሚያሳጥሩ፣ የት «ውይ» እንደሚሉ፣ መቼ ትንፋሻቸውን እንደሚስቡ። ክፍያው ቡናውን ማመስገን ብቻ ነው።

ለመሄድ ለቆረጠች ሁለት ነገር ልጨምር። ማንቁርትን የሚያለሰልሰው ሌላው ቀዶ ሕክምና የአንገትን ጉብታ ይቀንሳል እንጂ ድምፅን አያቀጥንም፤ በጥንቃቄ ካልተሠራ የአውታሮቹን መያዣ ነክቶ ድምፅን ሊያወፍር ስለሚችል የሚሠራውን ሰው ለይታችሁ እወቁ። ሁለተኛው የወረቀት ጉዳይ ነው። ግሎቶፕላስቲ የተሠራች ሴት ወደፊት ለማንኛውም ሕመም ሙሉ ማደንዘዣ ብትወስድ፣ በጉሮሮ የሚገባው ቱቦ ከተለመደው ያነሰ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ስፌቱን ሊቀደው ይችላል። ክሊኒኩ ይህን የሚገልጽ ካርድ አልሰጠኝም፤ ጠይቄ በኢሜይል አስላክሁ፣ በአማርኛ ተርጉሜ ከእንግሊዝኛው ጋር አሳትሜ ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩት። «የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና አድርጋለች፤ መተንፈሻው ጠባብ ነው» ይላል፤ ለማንም ከዚያ በላይ ማወቅ አያስፈልገውም።

ለሐኪሙና ለቀዶ ሕክምናው ክፍል ከ5 አራት እሰጣለሁ፤ ለአስተባባሪዎቹና ለክትትሉ ሁለት፣ እሱም ካርዱን በመጨረሻ ስለላኩልኝ ነው። ድምፁን ከ200 በላይ ለማድረስ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና በቅናሽ እንደሚሠሩልኝ ባለፈው ወር ጽፈውልኛል፤ አልፈልግም ብያለሁ፤ ያለኝን ጉልበት ለአሥራ ሦስት ኸርዝ አልሸጠውም። በሥራዬ ላይ ሴት አስተርጓሚ የጠየቀችኝ ታካሚ ከዚያ ወዲህ አልገጠመችኝም። የ18 ወሩን የድምፅ ቅጂ ግንቦት ላይ እልክላቸዋለሁ፤ ስለ ጠ እና ቀ የጻፍኩላቸውንም አብሬ ደግሜ እልካለሁ፤ ሰው ያነበበው መልስ ከመጣ እዚሁ ላይ እጨምረዋለሁ።